በቅኝ ግዛት ዘመን በሲሎን የተሠሩ የገጠር መንገዶች፣ ድልድዮችና የውሃ ቦዮች፤ ማን ሠራቸው? ማን ጠበቃቸው?

በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎች የሚሠራ ማንኛውም የእርዳታ ሠራተኛ ደጋግሞ ያየው አንድ ነገር አለ። ለተቸገረው ሕዝብ እህል እየተከፈለ በአንድ በጋ የተቆፈረ ቦይ፣ የተጠረገ መንገድ ወይም የተሠራ የአፈር ግድብ በምረቃው ዕለት ሲታይ ደስ ያሰኛል። በሁለተኛው ክረምት ደለል ይገባበታል። በሦስተኛው የመንገዱ የጎን ቦይ ይደፈንና ጎርፉ በመንገዱ ላይ መሄድ ይጀምራል። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ቦዩ የነበረበትን ቦታ ለማወቅ የአካባቢውን ሽማግሌ መጠየቅ ግድ ይሆናል። የሠራተኛው ብዛት፣ የተከፈለው እህል መጠንና የተሠራው ርዝመት በሪፖርት ላይ ሰፍሯል። ሳይሰፍር የቀረው ከእንግዲህ ወዲህ ሥራውን ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

ይህ ችግር በአንድ አገር ወይም በአንድ ዘመን ብቻ የታየ አይደለም። በጉልህ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ስሪ ላንካ ናት። እስከ 1972 ድረስ ሲሎን ትባል የነበረችው ይህች ደሴት በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለች ብዙ መንገዶችና ድልድዮች ተሠርተውባታል። በዚያው ዘመን ደግሞ ብዙ የመንደር ግድቦችና ቦዮች ጠባቂ አጥተው ፈርሰዋል። አንዱ ሲለማ ሌላው ለምን ጠፋ? የጠፋውንስ ለመመለስ ምን ተደረገ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አገሩና ውሃው

የደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብና መካከለኛው ተራራማ ክፍል ከፍተኛ ዝናብ ያገኛል። ከጠቅላላው ስፋቷ ሁለት ሦስተኛ ያህል የሚሆነው ሰሜኑና ምሥራቁ ግን ደረቁ ቀበሌ እየተባለ ይጠራል። በዚህ ክፍል አብዛኛው ዝናብ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ይወርድና ከዚያ በኋላ ረጅም የፀሐይና የነፋስ ጊዜ ይከተላል። ዝናቡ በመጠኑ አነስተኛ ነው የሚባል አይደለም። ችግሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ወርዶ ማለቁና በአንዳንዱ ዓመት መዛነፉ ነው። በመሆኑም ውሃውን በወረደበት ወራት ይዞ ለማያዘንብበት ጊዜ ማቆየት ያልቻለ ሕዝብ በዚያ አገር ሩዝ አብቅሎ መኖር አይችልም።

የጥንት ነገሥታት ይህንን ተገንዝበው ከፍተኛ ሥራ ሠርተዋል። በ5ኛው መቶ ዓመት የነገሠው ዳቱሴና ካላ ወዋ የተባለውን ሰፊ ግድብ አሠራ። ከዚህ ግድብ እስከ አኑራዳፑራ ከተማ የሚደርሰው ቦይ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። በመጀመሪያዎቹ 27 ኪሎ ሜትሮች ያለው ቁልቁለት በኪሎ ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ያለዘመናዊ የቅየሳ መሣሪያ ይህን የመሰለ ልክ መጠበቅ ዛሬም መሐንዲሶችን ያስደንቃል። በ12ኛው መቶ ዓመትም ቀዳማዊ ፓራክራማባሁ በፖሎናሩዋ ከተማ አጠገብ እንዲሁ ታላቅ የውሃ ሥራ አሠርቷል።

ከ13ኛው መቶ ዓመት ወዲህ በወረራ፣ በመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ ምዕራብ መዛወርና በወባ ምክንያት ታላላቆቹ ግድቦች ተሰብረው ጫካ ዋጣቸው። ሆኖም በየመንደሩ የነበሩት ትናንሽ ግድቦች አብረው አልጠፉም። ቁጥራቸው በሺህ የሚቆጠረው እነዚህ ሥራዎች ንጉሥ ሳያዛቸው፣ መሐንዲስ ሳይመጣላቸው ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይተዋል። የቆዩትም የመንደሩ ሰው ራሱ ባወጣው ሥርዓት ስለሚጠብቃቸው ነው።

የመንደሩ ሥርዓት

የመንደር ግድብ አሠራር ቀላል ነው። በሸለቆው አፍ ላይ ረጅም የአፈር ክምር ይሠራና የክረምቱ ውሃ ከበስተኋላው ይጠራቀማል። በክምሩ ሥር የውሃ መልቀቂያ በር አለ። በአንደኛው ጫፍ ደግሞ ትርፍ ውሃ የሚፈስበት ዝቅ ያለ መውጫ ይደረጋል። ከግድቡ በታች የሩዙ ማሳ ይገኛል፤ ማሳውንም ቦዮች ያጠጡታል። አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ግድብ ትርፍ ውሃ ወደ ታችኛው ግድብ ስለሚወርድ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ብዙ ግድቦች እንደ ደረጃ ተከታትለው ይገኛሉ።

ጥበቃው በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነበር።

አንደኛው የሥራ ድርሻ ነው። ከግድቡ የሚያጠጣ እያንዳንዱ ባለመሬት በማሳው ስፋት ልክ ከአፈሩ ክምርና ከቦዩ የሚጠብቀው የተለካ ርዝመት ነበረው። ሁለት ድርሻ መሬት ያለው ሰው አንድ ድርሻ ካለው ሰው እጥፍ ርዝመት ይጠግናል። በየዓመቱ ከዝናቡ በፊት ሁሉም የየራሱን ክፍል አረም ይነቅላል፤ በከብት የተረገጠውንና በጉንዳን የተቦረቦረውን በአፈር ይሞላል፤ ደለሉንም ይጠርጋል። ስለዚህ የፈረሰ ቦታ ሲገኝ የማን ድርሻ እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

ሁለተኛው የውሃ ሹም ነው። በሲንሃላ ቋንቋ ‹‹ቬል ቪዳኔ›› የሚባለው ይህ ሰው በእኛ አገር በባህላዊ መስኖ አካባቢ ‹‹የውሃ አባት›› ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። የውሃው በር የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን መንደሩ ተሰብስቦ ይወስናል፤ ውሳኔውን የሚያስፈጽመው ግን እርሱ ነው። ድርሻውን ያልሠራ ሰው እንዲሠራ ያስገድዳል፤ እምቢ ካለም ጉዳዩ ‹‹ጋንሳባዋ›› በሚባለው የመንደር ሸንጎ ፊት ይቀርባል። ደመወዙ ከመንግሥት የሚመጣ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ማሳ ምርት የተወሰነ ድርሻ ይሰጠው ስለነበር ውሃው ለሁሉም ማሳ ሲደርስ እርሱም ይጠቀማል፤ ሳይደርስ ሲቀርም ይጎዳል።

ሦስተኛው የድርቅ ዓመት ደንብ ነው። በተለይ ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ትኩረት የሚገባው ይኸኛው ይመስለናል። ዝናቡ ጎድሎ ግድቡ ሳይሞላ ሲቀር ‹‹ቤትማ›› የሚባለው ሥርዓት ይታወጃል። ለምሳሌ ያህል የተጠራቀመው ውሃ የሚበቃው ከማሳው አንድ ሦስተኛውን ለማጠጣት ነው እንበል። ያን ጊዜ ለግድቡ ቅርብ የሆነው አንድ ሦስተኛ ማሳ ብቻ እንዲታረስ ይወሰናል። ይህ ቁራጭ ግን ለባለቤቶቹ ብቻ አይተውም። ለዚያ አንድ ወቅት ብቻ ለመንደሩ ባለመሬት ሁሉ በየድርሻው መጠን ይከፋፈላል። ከግርጌ ያለው ገበሬም ከራስጌ ካለው ጋር እኩል አዝመራ ይኖረዋል። ውሃው በረጅም ቦይ ሲጓዝ በከንቱ አይባክንም፤ አንዱ ጠግቦ ሌላው አይሰደድም። ዝናቡ ሲመለስ ሁሉም ወደ ቀድሞ መሬቱ ይመለሳል።

የንጉሥ ሥራና የእንግሊዞች መንገድ

እንግሊዞች የባሕሩን ዳር ከሆላንዶች የወሰዱት በ1796 ሲሆን በመካከለኛው ተራራ ላይ የነበረውን የካንዲን መንግሥት የያዙት በ1815 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በኡቫ አውራጃ የተነሣውን ዐመፅ ያዳፈኑት መንደሮችንና አዝመራን በማጥፋት ጭምር ስለነበር በዚያ የነበረው የመስኖ እርሻ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚህ ጦርነት የወሰዱት ትምህርት ያለመንገድ ተራራማውን አገር ማስተዳደር እንደማይቻል ነበር።

በ1820ዎቹ አገሩን ይገዛ የነበረው ሰር ኤድዋርድ ባርንስ ዋና ሥራው አድርጎ የያዘው መንገድን ነው። ከኮሎምቦ እስከ ካንዲ ያለው 116 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የተሠራው በዚህ ዘመን ነው። በኮሎምቦ አጠገብ በኬላኒ ወንዝ ላይ በ1822 ጀልባዎችን ጎን ለጎን አሰልፎ የሚያሻግር ድልድይ ተዘረጋ። በዚህ ድልድይ ምትክ ቋሚ የብረት ድልድይ የተተከለው በ1895 ነው። በፔራዴኒያ ደግሞ በ1833 በማሃወሊ ወንዝ ላይ ሳቲንውድ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ባለአንድ ቅስት ድልድይ ተሠራ። ከዳር እስከ ዳር 62 ሜትር ያህል የሆነው ይህ ድልድይ በዘመኑ እጅግ የተደነቀ ሥራ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሠራ የሰው ጉልበት ከየት መጣ? መልሱ ‹‹ራጃካሪያ›› ነው፤ ትርጉሙም የንጉሥ ሥራ ማለት ነው። በቀድሞው ሥርዓት መሬት የያዘ ሁሉ ስለ መሬቱ ለንጉሡ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ ነበረበት። የአገልግሎቱ ዓይነት በመሬቱና በባለመሬቱ የትውልድ ክፍል ይወሰን ነበር። የቅኝ ገዥው መንግሥት በንጉሡ ፈንታ ይህንን መብት ወሰደና ገበሬውን ያለክፍያ ድንጋይ እንዲፈነቅልና ጫካ እንዲመነጥር አሰማራው። ከማሳው የተወሰደው ገበሬ ከመኖሪያው ርቆ፣ ስንቁን ይዞ፣ ለራሱ በማይጠቅመው መንገድ ላይ ይሠራ ነበር። መንገዱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የመጠናቀቁ ምስጢር ይኸው ሲሆን የሕዝቡም ምሬት ከዚሁ የመነጨ ነው።

የ1832 ውሳኔና ያልታሰበው ውጤት

ከ1829 ጀምሮ የደሴቲቱን አስተዳደር የመረመሩት ኮልብሩክና ካሜሮን የተባሉ ሹማምንት ራጃካሪያ እንዲቀር ሐሳብ አቀረቡ። በ1832 ከለንደን በወጣ ትእዛዝም ቀረ። ሰውን በትውልዱ እየለዩ በግዴታ ከማሠራት ነፃ ያወጣ በመሆኑ ውሳኔው ትክክለኛ ነበር። ዛሬም ቢሆን የሚቆጭበት አይኖርም።

ይሁን እንጂ ውሳኔው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ አየ። ገበሬው ለገዥው መንገድ የሚሰጠው ጉልበት አንድ ነገር ነው። ለራሱ ግድብ ከጎረቤቱ ጋር በድርሻ የሚያዋጣው ጉልበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱም የግዴታ ሥራ ተብለው አብረው ቀሩ። የመንደሩ ሹም ድርሻውን ያልሠራውን ሰው የማስገደድ ሥልጣኑ ተነሣ፤ ጋንሳባዋም ክብሩን አጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአንድ መንደር ምሳሌ መረዳት ይቻላል። አንድ ሰው የአፈሩን ክምር ድርሻውን ሳይጠግን ይቀራል። ቀድሞ ቢሆን በሳምንት ውስጥ ይገደድ ነበር። አሁን ግን ጎረቤቱ ሊከሰው የሚችለው በሩቅ ከተማ በሚገኘው ፍርድ ቤት ነው፤ ለክሱም ወጪ አለበት፤ ቀጠሮው ይረዝማል። ፍርዱ ሲሰጥ ዝናቡ ወርዶ አልፏል፤ ክምሩም ባልተጠገነው ቦታ ተሰብሯል። ውሃው ደግሞ የጠገነውንና ያልጠገነውን አይለይም፤ የሁሉም ግድብ ይደርቃል። በሚቀጥለው ዓመት ቀድሞ ይሠራ የነበረውም ሰው ‹‹እኔ ብቻዬን ለምን እደክማለሁ›› ብሎ ይቀመጣል። በዚህ ሁኔታ መሣሪያና ጉልበት ሳይጠፋ ግድቡ ይጠፋል።

እርግጥ ነው፣ ለጥፋቱ ብቸኛው ምክንያት ይህ አይደለም። በኡቫ የደረሰው የጦርነት ጉዳት፣ የመሬት በውርስ መበጣጠስና በሽታም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ሆኖም የፈረሰውን መልሶ ለመሥራት የሚያስችለው ሥርዓት ራሱ በመፍረሱ ሌላው ጉዳት ሁሉ መጠገኛ አጣ።

መንገዶቹ በዚህ ጊዜ ያልጠፉት ጠባቂ ስለነበራቸው ነው። ለጥገናቸው የሚታሰብ የመንግሥት በጀት ነበራቸው። በየድልድዩና በየመሻገሪያው ኬላ ተተክሎ ከጋሪና ከጭነት ቀረጥ ይሰበሰባል። ከሁሉም በላይ ግን መንገዱ ሲበላሽ የሚጮህ ኃይለኛ ወገን ነበር። በ1840 የወጣው ሕግ የባለቤትነት ማስረጃ ያልቀረበበትን ጫካና ጠፍ መሬት የመንግሥት ስላደረገው፣ መሬቱ ለቡና ተካዮች ተሸጧል። ቡናቸው ወደ ኮሎምቦ ወደብ የሚወርደው በመንገዱ ነበር። የሩዝ ገበሬው ግድብ ሲሰበር ግን ድምፁ ከመንደሩ አልፎ አይሰማም ነበር።

በዚሁ ዘመን ለቡናው ሥራ ከደቡብ ህንድ የሚመጡ ሠራተኞች ከማናር ባሕር ዳርቻ እስከ ማታሌ በደረቁ ቀበሌ ጫካ ውስጥ በእግራቸው ይጓዙ ነበር። በኮሌራ፣ በረሀብና በውሃ ጥም በመንገድ የቀሩት ብዙዎች ናቸው። በኋላ በዚህ መንገድ ላይ የውሃ ጉድጓድ፣ መጠለያና የሕክምና ጣቢያ እንዲኖር ተደረገ። መንገድ ተጠርጎ ሲያልቅ ሥራው እንዳላለቀ፣ የሚሄድበት ሰውም ውሃና ማረፊያ እንደሚያስፈልገው የታወቀው ከብዙ ሰው ሞት በኋላ ነበር።

የ1848 የመንገድ ሕግ

የግዴታ ሥራ ከቀረ ከ16 ዓመት በኋላ በሌላ ስም ተመለሰ። በገዥው በቶሪንግተን ዘመን በ1848 የወጣው ሕግ ዕድሜው ከ18 እስከ 55 ዓመት የሆነ ወንድ ሁሉ በዓመት ስድስት ቀን በመንገድ ሥራ ላይ እንዲሠራ ወይም በፈንታው ሦስት ሺሊንግ እንዲከፍል አዘዘ። በመጀመሪያ የቡድሃ መነኮሳት እንኳ ከግዴታው ነፃ አልነበሩም፤ የቀረላቸው ተቃውሞው ከበረታ በኋላ ነው። በጠመንጃ፣ በውሻና በሱቅ ላይም ሌሎች ግብሮች ተጣሉ።

ሕዝቡ ያነሣው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ መንገዱ የሚሄደው ወደ ቡናው እርሻ ከሆነ እኛ ስለምን እንሠራዋለን የሚል ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር መጨረሻ ላይ በማታሌና በአካባቢው ዐመፅ ተነሣ። መንግሥትም የጦር ሕግ ዐውጆ በኃይል አዳፈነው። ከመሪዎቹ አንዱ የሆነው ፑራን አፑ ተረሸነ። አወሳሰዱ ከልክ ያለፈ ነው ተብሎ በእንግሊዝ ፓርላማ በመመርመሩ ቶሪንግተን በ1850 ተጠርቶ ተመለሰ።

የስድስት ቀኑ ሥራ ግን ወዲያው አልቀረም። ጉዳዩ በየአውራጃው ለተቋቋሙ የመንገድ ኮሚቴዎች ተሰጠና በጉልበት ምትክ የሚከፈለው ገንዘብ በዚያው አካባቢ ለሚገኙ አነስተኛ መንገዶች መጠገኛ እንዲውል ተደረገ። ገንዘቡ ከመንደሩ ሳይርቅ መዋሉ ታይቷል። የመጀመሪያው ዓመት ቁጣ ያልደገመውም በከፊል ስለዚህ ሊሆን ይችላል።

ወደ መንደሩ ሥርዓት መመለስ

በ1850ዎቹ አጋማሽ በባዱላ የመንግሥት ረዳት ሹም የነበረው ጆን ቤይሊ የኡቫን መስኖዎች እየዞረ መርምሮ ዘገባ አቀረበ። ማሳው ጠፍ የሆነው ገበሬው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን የጋራውን ሥራ የሚያስፈጽም ሕግ በመጥፋቱ እንደሆነ አስረዳ። ከ1855 ጀምሮ ገዥ የነበረው ሰር ሄንሪ ዋርድ ይህን ሐሳብ ተቀበለና በ1856 የመስኖ ሕግ አወጣ።

የሕጉ ፍሬ ነገር አዲስ ደንብ ከመጻፍ ይልቅ የቀድሞውን ልማድ ሕጋዊ ኃይል መስጠት ነበር። የአንድ አካባቢ ባለመሬቶች ተሰብስበው በድምፅ ብልጫ ከተስማሙ የጥንቱ የውሃ ልማዳቸው እንደገና ይጸናል። ክርክር ሲነሣም በሩቁ ፍርድ ቤት ሳይሆን በቅርቡ ሸንጎ በአጭር ጊዜ ይታያል። በ1832 አንድ ላይ የተጠቀለሉት ሁለቱ የግዴታ ዓይነቶች በዚህ ሕግ እንደገና ተለያዩ። ለገዥው የሚሠራው እንደቀረ ቀርቶ፣ ሰዎች ለራሳቸው ውሃ የተስማሙበት ደግሞ ተመለሰ። በ1871 የወጣው የመንደር ማኅበራት ሕግም ይህንኑ መንገድ አስፋፋ።

በ1870ዎቹ ገዥው ሰር ዊሊያም ግሪጎሪ በደረቁ ቀበሌ ሲዘዋወር መንደሮቹ በረሀብና በቁስል በሽታ ተጎሳቁለው፣ ሰዎቹም ጫካ እያቃጠሉ በሚዘሩት ጥቂት እህል ሲኖሩ አገኘ። በ1873 አካባቢው ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ። ለትናንሽ ግድቦች የተወሰነው የሥራ ክፍፍል ቀላልና ግልጽ ነበር። አፈሩን የመንደሩ ሰው ይክባል፤ የድንጋይ ግንቡንና የውሃውን በር መንግሥት ይሰጣል። ገበሬው የሚችለውን መንግሥት አይሠራለትም፤ የማይችለውን ደግሞ እንዲሠራ አይጠየቅም። በዚህ ዓይነት ብዙ የመንደር ግድቦች ተመለሱ።

ታላላቆቹንም ለመመለስ ተሞክሯል። በገዥው በጎርደን ዘመን በ1887 ካላ ወዋ ተጠግኖ ውሃ ያዘ፤ በ1900 ራሱን የቻለ የመስኖ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ነገር ግን ታላቁ ግድብ ሲሞላ ከበታቹ የሚያርስ ሰው ወዲያው አልተገኘም። አካባቢው ወባማ ነበር፤ የመጣውም ሰው ጎረቤት፣ ሹምና ልማድ አልነበረውም። ውሃ በገንዘብና በመሐንዲስ ይመለሳል። ማኅበር ግን እንዲሁ በአንድ ዓመት አይመለስም።

ሰፈራና የጥበቃው ጥያቄ

ይኸው ችግር በሰፈራ ሥራ ላይ እንደገና ታየ። ከ1931 በኋላ የእርሻና የመሬት ሚኒስትር የነበሩት ዲ. ኤስ. ሴናናያኬ መሬት ያጣውን ገበሬ በደረቁ ቀበሌ ለማስፈር ተነሡ። በ1933 በጥንቱ የሚኔሪያ ግድብ ሥር ሰፈራ ተጀመረ። በ1935 የወጣው ሕግም ለሰፋሪው የሚሰጠው መሬት በዕዳ እንዳይወሰድና በውርስ እንዳይበጣጠስ ደነገገ።

የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ዋና ጠላት ወባ ነበር። በ1934 እና በ1935 ደሴቲቱን ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ 80,000 ያህል ሰው ገድሏል። የጀመረው ደግሞ ዝናቡ ጠፍቶ ወንዞች በመቆራረጣቸው፣ በየኩሬው የቀረው ውሃ ለትንኝ መራቢያ ስለሆነ ነው። ድርቅ በረሀብ ብቻ ሳይሆን በዚህ መንገድም ይገድላል። ለመንገድ ሥራ አፈር የተወሰደበት ጉድጓድ ሳይደፈን ሲቀር፣ ወይም ቦይ በደለል ተዘግቶ ውሃው ሲቆም ተመሳሳይ አደጋ ይፈጠራል። ስለዚህ ቦይን መጥረግ የእርሻ ሥራ ብቻ ሳይሆን የጤና ጥበቃም ሥራ ነው።

ደሴቲቱ በ1948 ነፃ ከወጣች በኋላም ትምህርቱ ሁልጊዜ አልተጠበቀም። በ1958 የወጣው የሩዝ መሬት ሕግ ለጪሰኛው ዋስትና ለመስጠት የታሰበ ሲሆን የውሃውን ሹም አንሥቶ ሥራውን ለተመረጡ ኮሚቴዎች ሰጠ። ኮሚቴዎቹ በቂ ሥልጣን ስላልነበራቸው የቦይ ጥገና በብዙ ቦታ ላላ። የ1832 ስሕተት በሌላ መልክ ተደገመ ማለት ይቻላል።

በ1949 የተጀመረው የጋል ኦያ ሰፈራም በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦዮቹ ተበላሽተው፣ ከግርጌ ያሉት ሰፋሪዎች ውሃ አጥተው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ ምርምርና ሥልጠና ተቋሙ ወጣት አደራጆችን በየመስኖው መንደር አስቀመጠ። አደራጆቹ መጀመሪያ ያደረጉት ደንብ ማንበብ አልነበረም። በአንድ አነስተኛ ቦይ የሚያጠጡትን ቤተሰቦች ሰብስበው ችግራችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ገበሬዎቹ በጋራ ጉልበት ቦያቸውን ጠረጉ፤ ውሃውንም በተራ ማጠጣት ጀመሩ። ከራስጌ ያሉት ከግርጌ ላሉት ውሃ መተው የጀመሩት ግድቡ በሚገባ ባልሞላበት ጊዜ ነበር። ከሁለት የተለያዩ ብሔረሰቦች የሆኑ ሰፋሪዎችም በዚሁ ውሃ ላይ ተስማምተዋል።

ለሥራችን የሚጠቅመው

ከዚህ ታሪክ በድርቅ መከላከልና በሰፈራ ሥራ ላይ የተሰማራ ሠራተኛ የሚከተሉትን ነጥቦች ሊወስድ ይችላል።

1ኛ/ ቦይ ወይም ግድብ ከመቆፈሩ በፊት የሚጠቀሙት አባወራዎችና እማወራዎች ዝርዝር፣ እያንዳንዳቸው የሚጠብቁትም ርዝመት በመሬት ላይ ተለክቶ ሊታወቅ ይገባል። ‹‹ኅብረተሰቡ ይጠብቀዋል›› ብሎ መጻፍ ማንም አይጠብቀውም እንደማለት ነው።

2ኛ/ ውሃውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው በተጠቃሚዎቹ ይመረጥ፤ ዋጋውንም ከአዝመራው እነርሱ ይክፈሉት። በእርዳታ ገንዘብ የሚከፈል የውሃ አባት እርዳታው ሲያበቃ አብሮ ያበቃል።

3ኛ/ እህል ለግንባታ ሊከፈል ይችላል። ለዓመታዊ ጥገና መክፈል ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀድሞ በደቦና በወንፈል ይሠራ የነበረው ሥራ በስፍር ከተከፈለበት፣ እህሉ የቆመ ዕለት ሥራውም ይቆማል። መንገድና ድልድይ ግን ከመንደሩ ውጪ የሚጠቀምበት ብዙ ስለሆነ ጥገናው ከበጀት ሊታሰብለት ይገባል። ከመንደሩ ሰው ጉልበት የሚጠየቅ ከሆነም ለመንደሩ በሚጠቅመው መንገድ ላይ ይሁን።

4ኛ/ የድርቅ ዓመት ደንብ በጥጋብ ዓመት ይወሰን። ግድቡ ከደረቀ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ጠብ እንጂ ስምምነት አይወልድም።

5ኛ/ በሰፈራ ጣቢያ ጎረቤታሞችን፣ ዘመዳሞችንና የአንድ መንደር ሰዎችን በአንድ ቦይ ላይ ማስፈር የሚቻል ከሆነ ይደረግ። ከየቦታው የተሰበሰበ ሰው ቦይ ለመቆፈር አንድ በጋ ይበቃዋል፤ እርስ በርሱ ለመተማመን ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ ያስፈልገዋል። ለዚህም ጊዜ የሚሆን ሠራተኛና ስንቅ በዕቅድ ውስጥ መያዝ አለበት።

6ኛ/ አንድ የቆየ ልማድ ከመነሣቱ በፊት በውስጡ ምን እንደያዘ ይመርመር። የሚጎዳው ክፍል ከሚጠቅመው ጋር ተያይዞ ሊወድቅ ይችላልና።

ሲሎንን ይገዙ የነበሩት ሹማምንት ሕዝቡን በግዴታ አሠርተው ጥሩ መንገድ አግኝተዋል፤ ግዴታውንም አንሥተው መልካም ስም አትርፈዋል። በመካከሉ የተረሳው ውሃውን ከራሱ ማሳ አጠገብ በራሱ አፈር ሲጠብቅ የኖረው ገበሬ ነው። የተረሳው ነገር እንደገና ሕግ ሆኖ እስኪጻፍ 24 ዓመት ፈጅቷል። እኛ ዛሬ በእህል የምናስቆፍረው ቦይ ግን 24 ዓመት አይጠብቀንም። በመጀመሪያው ክረምት ደለል ይገባበታል። ስለዚህ አካፋውን ለሠራተኛው ከማደላችን በፊት ይህንን ደለል የሚጠርገው ሰው ማን እንደሆነ በስም ማወቅ ይኖርብናል።